ሽማግሌው አልነሣ ያለ ሰሞን

ኅዳር 6

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ቢደርስህ ደስ ባለኝ፤ ግን እኔም እንደ ጭነት መኪናችን ሆኛለሁ፣ ሳይገፉኝ አልንቀሳቀስም። ለደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ ሦስት ሳምንት መክረሜን አውቃለሁ። ተቆጥተህ ከሆነ እስከዚህ መስመር ድረስ ተቆጣ፣ ከዚህ ወዲያ ግን ይብቃህ።

"ደህና ነሽ ወይ" ላልከው ደህና ነኝ። ትከሻዬ ብቻ ነው፣ እሱም ከመሪው ጋር ስታገል የመጣ ነው። "ሽማግሌው እንዴት ነው" ላልከው ግን፣ እዚህ ላይ ነው እጄ የከበደው።

ጠዋት አልነሣ ብሏል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና "ሽማግሌው" ያለው ለክብሩ ነበር፤ አሁን ግን መኪናው ስሙን ሊያሟላ ቆርጦ ተነሥቷል። ቁልፉን ሳዞር እንደ ድሮው ገርርር አይልም። "እህ" ይላል። ያርፋል። ደግሞ "እህ"። ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው የሚመስለው። የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ከኋላ ነጭ ጭስ ብን ይላል፣ ከዚያ ጭጭ።

ስለዚህ ማታ ማታ ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ቁልቁለት ላይ አቆመዋለሁ። ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ጠዋት ድንጋዩን አንሥቼ እየሮጥኩ ጋቢና እገባለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሲንከባለል ፍሪሲዮኑን እለቃለሁ፣ ተንገጫግጮ ይነሣል። ባለፈው ማክሰኞ አንዱ መኪናውን ከፊቴ አቁሞ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። በልቶ እስኪጨርስ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ምን ላድርግ?

ጡብ ፋብሪካው ስደርስ ደግሞ ሞተሩን አላጠፋም፤ ካጠፋሁ ማን ያስነሣልኛል? ጫኞቹ ሲያዩኝ "እትዬ ሹፌር፣ ሽማግሌው ዛሬም በሰው ትከሻ ነው የመጣው?" ይሉኛል። ካቦው ደግሞ "ጭስሽ ጡቤን አጠቆረው!" ብሎ ይጮኻል። "ጡብህ መቼ ነጭ ነበር?" አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከጥርሴ ነው።

"ማን ነካው?" ማለትህ አይቀርምና አስቀድሜ ልንገርህ። ማንም አልነካውም።

እህትህ


ኅዳር 15

እታለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። ትከሻሽን ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት። በጡብ ሰዎቹ ስቄያለሁ። አሁን ወደ ሥራ።

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የእሳት ብልጭታ የለውም። የሚነሣው አየሩ በኃይል ሲጨመቅ ስለሚግል ነው። ቀስ ብሎ ከዞረ ግለቱ ይባክናል፤ ናፍታው ሳይቃጠል ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ያንቺ ችግር አለመነሣቱ አይደለም፣ ቀስ ብሎ መዞሩ ነው። ናፍታ የሚረጨውን ፖምፓ ማንም ጎበዝ ነኝ ባይ እንዳይፈታብሽ!

በተራ እይ። ሁለቱን ባትሪዎች አስለኪ፣ ሲለካ ጭነት ይኑርባቸው። ገመዱ ባትሪው ራስ ላይ የሚታሰርበት ነጭ ዱቄት ካበቀለ እጠቢው። ሞተሩን የሚያዞረውን ሞተሪኖ አስወርደሽ አሳዪ። ሞተሩ ሞቆ እያለ ብታጠፊውና ብትሞክሪውስ? ያኔም ቀስ ይላል?

"ማንም አልነካውም" ያልሽውን አምኛለሁ። ግን መኪና የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው። ከደህና ወደ በሽተኛ በአንድ ጊዜ የተገለበጠ፣ ሰው ያልነካው መኪና በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አላየሁም። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ምን ተደረገ?

በበጋው ማብቂያ እመጣለሁ። እስከዚያ ያዥልኝ። እኔ እዚያ ሌላ ነገር የለኝም።

ወንድምሽ


ኅዳር 24 (ያልተላከ)

ወንድም ጋሼ፣

መቼ ጀመረ አልከኝ። ጥቅምት 20 ጀመረ። ከቀለም ቤት በወጣ በሦስተኛው ቀን።

አዎ፣ አስቀባሁት። ከጋቢናው እስከ ሥሩ። ልሸጠው ነው።

አንድ እህል ነጋዴ ወዶታል። ታኅሣሥ 20 ጠዋት ይመጣል። "ሳይገፋ፣ እንደበረደ፣ በገዛ ጉልበቱ ሲነሣ ካየሁ የእኔ ነው። ካልሆነ ሌላ አይቻለሁ" ብሎኛል። ልጄ ደግሞ ከልብስ ስፌት ቤቷ አንድ ወንበር ይዛልኛለች፤ "እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ ዘምዛሚልኝ" ትለኛለች። እስከ ጥር ካልሄድኩ ሌላ ሰው ትቀጥራለች፤ ሥራ ነው፣ አይፈረድባትም።

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ከሞተ አራት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ጋቢና እወጣለሁ። ሰሞኑን ቁልፉን ከማስገባቴ በፊት ግንባሬን መሪው ላይ አሳርፋለሁ። ደክሞኛል። ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ያንን ሁሉ ወረቀት ማበላሸት አልነበረብኝም።

አንተ ግን ከሦስት የሞቱ መኪናዎች አንድ የሚሄድ ሠርተህ ያወጣህ ሰው ነህ። ግቢያችን ውስጥ፣ ዓመት ሙሉ፣ በዝናብም በፀሐይም። በለቅሶው ሰሞን "እንዳትሸጪው፣ መጥቼ አብረን እንሠራበታለን" ብለህ ጻፍክልኝ። ይህን ለጻፈ ሰው ቀለም አስቀባሁ፣ ገዢ አገኘሁ ይባላል?

ደግሞስ ቀለም ሞተር ውስጥ አይገባ። ለሕመሙ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው የምነግርህ?

ይኼን ወረቀት አልልከውም።


ኅዳር 24

ወንድም ጋሼ፣

መልስህ ቶሎ ደረሰኝ፣ ተባረክ። "መቼ ጀመረ" ላልከው፣ ብርዱ ሲገባ ነው።

ያልከውን ሁሉ በተራ አድርጌያለሁ። ከባትሪዎቹ አንዱ ደካማ ነው ተባለ፤ ሁለቱንም ቀየርኩ። ሁለት ቀን ተስፋ አደረግሁ፣ በሦስተኛው ያው "እህ" ሆነ። የገመዱን ራስ በሙቅ ውኃ አጥቤ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፤ የጣት ቀለበት መሰለ። ሞተሪኖውን አስወርጄ ወሰድኩት። ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ አስሮ ሲሞክረው እንደ ንብ ጮኸ። "እትዬ፣ ይኼ ሞተሪኖ ከእኔ ይሻላል፣ ወስደሽ ግጠሚው" አለኝ። ገጠምነው፣ ያው ነው። ሞቆ ሲሞከርም ቀስ ይላል፤ ብቻ ሞተሩ ስለሞቀ አንዳንዴ ይነሣል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልህ። ትናንት አምስት ስድስት ጊዜ ሞክሬ እምቢ ሲለኝ ኮፋኖውን ከፍቼ ውስጡን አየሁ፤ የማውቀው ነገር ኖሮ ሳይሆን፣ መክፈት ሥራ ስለሚመስል። ከነዳጅ ፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ብነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ አቃጠለኝ። ልባሱ ፕላስቲክ ይሸታል። ፀሐይ ገና አልወጣም፣ ሞተሩ አልተነሣም፣ ታዲያ ምን አሞቀው? ተናዶ ይሆናል አልኩ። እኔም ስናደድ ጆሮዬ ይግላል።

ስለ ጀርባህ ጠይቄህ ነበር። ዘለልከው። ባለፈውም ዘለልከው።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እታለም፣

የሽቦውን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አያስቅም።

ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጥቶ ሞተሪኖውን ካዞረ በኋላ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የመመለሻ መንገዱን እኛ ማሳ እንለዋለን፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነሥቶ የመኪናው አጽም ላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ የሚታሰር ወፍራም ገመድ አለ፣ ሌላ ደግሞ ከሻንሲው ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ያ መንገድ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ በር እንደተዘጋበት ሰው በመስኮት ይወጣል። መስኮቱ ያ ቀጭን ሽቦሽ ነው። ይህን ያህል ጉልበት የሚሸከም አይደለም፣ እሳት ሊያስነሣብሽ ይችላል። ቁልፉን መደጋገም ከዛሬ ጀምሮ ተዪ።

አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ሞክሪ። መኪና የሚያስነሡበትን ወፍራም የባትሪ ገመድ ተዋሺ። ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። የገመዱን አንድ ጫፍ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ኔጋቲቭ ላይ አድርጊ፤ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘውን እንዳትነኪ። ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ራሱ ላይ፣ ራቁቱን ያለ ብረት ፈልገሽ ያዢበት። ከዚያ አዙሪው። እንደ ድሮው ከዞረ ባትሪውም ሞተሪኖውም ንጹሕ ናቸው፣ በደለኛው መንገዱ ነው።

እና እታለም፣ ያንን ገመድ የፈታና መልሶ ያሰረ ሰው አለ። ገመድ ራሱን አይፈታም። ማን ነው? የምጠይቅሽ ለቁጣ አይደለም። የቱ ጋ እንደነካ ካላወቅሁ የቱን እንደምትፈቺ ልነግርሽ አልችልም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ወንድም ጋሼ፣

ዞረ። ገርርር አለና እኔ ትንፋሼን ሳልስብ ተነሣ። ገመዱን የያዘልኝ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እልል ለማለት ምንም አልቀረው። እኔ ግን ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ መኪናው ተነሥቶ ጥያቄህ ተረፈኝ።

ኅዳር 24 ጽፌ ያልላክሁትን ወረቀት ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። እሱን አስቀድመህ አንብብና ወደዚህ ተመለስ።

አነበብከው? እንግዲህ እንደዚያ ነው።

መኪናው ከተነሣ በኋላ ቀለም ቀቢው ዘንድ ሄድኩ። "ከሥሩ የፈታኸው ነገር አለ?" አልኩት።

"እትዬ ሙቺ፣ አንድ ቡሎን ነው!" አለኝ። "ገመዱ ለመርጫዬ አላመቸኝም። ፈታሁት፣ ቀባሁ፣ መልሼ አሰርኩት። ኧረ ሥሩን ሁለት እጅ ነው የደረብኩልሽ፣ ዝገት እንዳይነካው! ሌላ ቀቢ ይኼን ያደርግልሻል?"

"ሞተሩ ጋ ያለውንስ ጫፍ?"

"እሱንም። ሥራ ግማሽ አይሠራም።"

እሱ ምስጋና እየጠበቀ ነበር፤ እኔ ወደ መኪናው ጠራሁት። ተያይዘን መጥተን ቡሎኖቹን በረጅም ቁልፍ አጠበቅናቸው። ምንም ለውጥ የለም። "በይ እንግዲህ አጥብቄው ነበር፣ ቀለም ምን አድርጓችሁ ነው" ብሎ አኩርፎ ሄደ።

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አንድ ዘዴ መከረኝ። "የኔን ገመድ ከሥር ደብቀሽ እሰሪው፣ ነጋዴው ሲመጣ ይነሣል፣ ከዚያ እሱ ይወቅበት።" አልፈልግም አልኩት። ሰው ገዝቶ የሚረግመኝን ነገር አልሸጥም። ያለኝ ጊዜ ግን አሥራ አንድ ቀን ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? ቁጣህን እቀበላለሁ፤ ብቻ ይህን አትንፈገኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 23

ወንድም ጋሼ፣

ሁለቱም ወረቀቶችህ ደርሰውኛል፣ ነጋዴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው። በመጀመሪያው ራስ ላይ "መጀመሪያ መኪናው፣ ከዚያ ቁጣው" ብለህ መጻፍህን ሳይ፣ ገና ሳላነበው እንባዬ መጣ። እንደዚህ ያለ ወንድም ለማን ተሰጥቷል?

ያልከውን ቃል በቃል አደረግሁ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ብትለኝ ለካ እኛ ስናጠብቅ የኖርነው ቀለሙን በቀለም ላይ ኖሯል! መጀመሪያ ገመዱን ከባትሪው ራስ ላይ ፈታሁ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ። ቡሎኑን ፈትቼ ቦታውን በቢላ ፋቅሁት፣ ቀጥዬ በብርጭቆ ወረቀት፣ ብረቱ እንደ አዲስ ማንኪያ እስኪያበራ። የገመዱንም ራስ እንደዚያው። ሞተሩ ጋ ያለውን ጫፍም። አጥብቄ አሰርኩ፣ ከላይ ግሪስ ቀባሁ፣ የባትሪውን በመጨረሻ መለስኩ። ቀለም ቀቢው መጥቶ ቆሞ አየኝ። "ሥራዬን፣ እትዬ፣ ሥራዬን!" እያለ እንደ ሐዘንተኛ ራሱን ያዘ።

ነጋዴው በማግስቱ በጠዋት መጣ። መዳፉን ኮፋኖው ላይ አሳርፎ መብረዱን አረጋገጠ። ብልጥ ነው። አዞርኩት። ባንድ ጊዜ!

"ሽማግሌ ነው ብለውኝ ጎረምሳ ሆነብኝሳ!" አለ።

"ጌታው" አልኩት፣ "ይህ መኪና የእኔ ብቻ አይደለም። ወንድሜ እሺ ሳይል ቁልፉን አልሰጥህም።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ጠራሽኝ?"

"የሚነሣ መስሎኝ መቼ ነበር!"

ሳቀ። እስከ ጥር አምስት እታገሥሻለሁ ብሏል።

ሁለተኛውን ወረቀት አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። "እኔ ጠብቂልኝ ስልሽ አንቺ ከጀርባዬ አስዋብሽው" ያልከው እውነት ነው፣ ቃል አልመልስም። "ትዕግሥት አጣሽ" ያልከውን ግን አልቀበልም። እሱን ሰርዘው። ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል "ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" ብለህ ጠይቀሃል። ሰማያዊ ነው። ቢያንስ ያምርበታል።

አሁን ሰው ሁሉ "ይኸው ተነሣልሽ፣ ለምን ትሸጪዋለሽ?" ይለኛል። እኔም ለራሴ እንደዚያ ብዬ ነበር። የሰለቸኝ ድንጋይ ማንሣቱ፣ መንከባለሉ፣ የሰው ሳቅ ነው ብዬ። ዛሬ ጠዋት ሜዳ ላይ አቁሜው በመጀመሪያው ተነሣ። ሞተሩ እየሠራ፣ ግንባሬን መሪው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ፋብሪካው ስደርስ ካቦው "ምን ሆንሽ?" እስኪለኝ ድረስ ዘገየሁ። መኪናው አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ። የእኔን ድካም ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አይፍቁት።

ስለዚህ በቀጥታ እጠይቅሃለሁ፤ በፊት ማድረግ የነበረብኝም ይኼንኑ ነው። ልሽጠው? እምቢ ካልከኝ እነዳዋለሁ። እንደማላኮርፍ ግን ቃል አልሰጥህም።

እህትህ


ታኅሣሥ 29

እታለም፣

ሽጪው።

ከሰላምታ ያስቀደምኩት ገጹ ውስጥ ስትፈልጊው እንዳትደክሚ ነው። አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስለ ጀርባዬ ስትጠይቂኝ እየዘለልኩ የቆየሁት መልሱ ስላለኝ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት አንድ ካምቢዮ፣ የማርሹን ሳጥን፣ ሳወርድ ወገቤ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ይዤ መኪና ሥር ገብቼ አላውቅም። እዚህ የምሠራበት ካምፕ ጋራዥ ውስጥ መሣሪያ የሚሰጥበት መስኮት አለ፤ እዚያ ተቀምጬ ለሌሎች መካኒኮች ቁልፍ አቀብላለሁ። ደጎች ናቸው፣ "ጌታዬ" ይሉኛል። ቁልፉን ግን እነሱ ናቸው ይዘው የሚሄዱት።

በበጋው ማብቂያ እመጣለሁ ስልሽ የነበረው ለማታለል አልነበረም፤ ስጽፈው አምነዋለሁ፣ ሳሽገው አፍራለሁ። ሽማግሌው ግቢያችን ውስጥ እስካለ ድረስ እኔም ወደ ቤቱ መንገድ የጀመረ መካኒክ ነበርኩ። ያንን ተሸክመሽልኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ፣ በዚያ ትከሻሽ። እኔ ይህን ደብቄ፣ አንቺን "ደበቅሽኝ" ብዬ መቆጣቴ! ሁለተኛውን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥተሽ ቅደጂው። ትዕግሥት የምትለዋን ቃል ለብቻዋ ቅደጃት።

የመስኮቱን ሥራ አልጠላሁትም። ከአንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነበር የምሆነው። ያንን የጋለ ሽቦ ለዋናው መካኒክ ነገርኩት። ሥራውን አቁሞ ሰማኝ። "ማን ነው ይህን ያየው?" አለ። "እህቴ፣ ሹፌር ናት" አልኩት። ሲሄድ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሄደው።

ለነጋዴው ሁሉንም ሳትደብቂ ንገሪው፤ የቱ እንደታመመ፣ የቱ እንደተፋቀ። የሞተሩን ጠባይም ንገሪው፤ ብርድ ላይ እንደተነሣ ነዳጅ እንዳይረግጥበት፣ ትንሽ ብቻውን ይተወው። ቁልፉን በእጁ ስትሰጪው ዞር በይ፣ እስኪሄድ ቆመሽ አትይ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ትነቂያለሽ። እኔም መኪና ሥር መግባት የተውኩ ሰሞን እነቃ ነበር፤ እግር ጫማውን ይፈልጋል። እሺ አትበዪው። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቢና ፊትሽን ወደ ግድግዳው መልሰሽ ተኚ። ጡቡን ሌላ ሰው ያድርሰው።

ወንድምሽ